በትንሽ ወጪ የራስን የሰዓት ሰርቨር መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሚነሳው ከጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ተቀብሎ ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤት ኔትወርክ የሚያድል ትንሽ ሰርቨር ነው። አንድ ራስፕቤሪ ፓይ (መዳፍ የምታህል ርካሽ ኮምፒውተር)፣ አንድ ርካሽ የጂፒኤስ ሞጁልና ጥቂት ሽቦ ይበቃዋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዕቃ ከሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ በጥንቃቄ የተሠራው ርካሹ ግን ለአንድ ቢሮ ከሚያስፈልገው በላይ ትክክለኛ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ነፃ የሰዓት ሰርቨር እያለ የራሴን ለምን እሠራለሁ?

ኔትዎ የማይቆራረጥ ከሆነ ላያስፈልግዎ ይችላል። ከተቆራረጠ ግን ሁለት ችግር አለ።

አንደኛው ግልጽ ነው፤ ኔት ሲጠፋ ሰዓት የሚሰጥ የለም። ኮምፒውተሮች፣ የደኅንነት ካሜራ መቅጃዎችና የጣት አሻራ መቆጣጠሪያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይስታሉ። በዊንዶውስ ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ዋና ሰርቨር በሚተዳደሩበት የቢሮ ኔትወርክ) ውስጥ በሠራተኛው ኮምፒውተርና በዋናው ሰርቨር መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ደቂቃ ሲያልፍ መግባት ይከለከላል፤ ከርቤሮስ የሚባለው የማረጋገጫ ሥርዓት በነባሪው የሚፈቅደው እስከዚያ ብቻ ስለሆነ። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው ባለስድስት አኃዝ የማረጋገጫ ኮድም ሰዓት ከሳተ አይቀበልም። ሌሊት ስርቆት ተፈጽሞ የሁለት ካሜራ ቀረጻ ሲነጻጸር አንዱ ሰባት ደቂቃ ወደ ፊት ከሄደ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። ኤንቲፒ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሰዓት የሚጠያየቁበት ሥርዓት) ጥያቄው ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለሁለት ያካፍላል፤ መሄጃውና መመለሻው እኩል ናቸው ብሎ ስለሚነሳ። በሞባይል ዳታ መሄጃው 120፣ መመለሻው 20 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ሰዓቱ 50 ሚሊሰከንድ ይሳሳታል፤ ኮምፒውተሩም ይህን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ሲሆን ይህ ስህተት ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ምን ምን ልግዛ?

ለሰርቨሩ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ትንሹ ሚሞሪ ያለው ይበቃል። ፓይ 3ም ይሠራል፤ ግን የኢተርኔት መስመሩ በዩኤስቢ በኩል ስለሚያልፍ ሰዓቱ ወደ ኔትወርኩ ሲወጣ ትንሽ ይዋዥቃል። ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው ርካሽ ነው፤ የኢተርኔት ሶኬት ስለሌለው ግን ለዚህ ሥራ አንመክረውም።

ከሞጁሎቹ በየቦታው የሚገኘው የዩ-ብሎክስ ኔኦ-6ኤም ነው፤ የሚያየው ጂፒኤስን ብቻ ነው። ትንሽ ጨምረው ኔኦ-ኤም8ኤን ከገዙ ጂፒኤስንና ግሎናስ የተባለውን የሩሲያ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ያያል፤ ሰማዩ በሕንፃ በተከለለበት ቦታ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ለሰዓት ብቻ ተብሎ የተሠራው ኔኦ-ኤም8ቲ ደግሞ ያለበትን ቦታ አንዴ ለክቶ ከያዘ በኋላ በአንድ ሳተላይት ብቻ ሰዓት መስጠት ይችላል። አንቴና በጠባብ መስኮት ብቻ ማውጣት ለሚችል ሰው ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ሌላ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ገመድ ያለው ባለማግኔት አክቲቭ (የራሱ ማጉያ ያለው) አንቴና፣ ጃምፐር ሽቦ፣ የባትሪ ሰዓት ሞጁል (ዲኤስ3231)፣ ጥሩ ኤስዲ ካርድና 5 ቮልት 3 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ይያዙ። በቻርጀሩ አይቆጥቡ። ደካማ ቻርጀር ፓይውን በየጊዜው ያዘገየዋል፤ ሰዓቱም አብሮ ይናወጣል።

ፒፒኤስ ምንድን ነው? ያለሱ አይሆንም?

ሞጁሉ ሁለት ነገር ይልካል። አንዱ በሲሪያል መስመር የሚመጣ ጽሑፍ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይናገራል። ሌላው በሌላ ሽቦ በየሰከንዱ መጀመሪያ ላይ ብድግ የሚል የኤሌክትሪክ ምት ነው፤ ፒፒኤስ የሚባለው ይህ ነው። ጽሑፉ «ስንት ሰዓት ነው» ለሚለው ይመልሳል፤ ምቱ «መቼ በትክክል» ለሚለው።

ጽሑፉ ብቻውን አይታመንም። በ9600 ባውድ (የመስመሩ ፍጥነት ነው) በሰከንድ የሚያልፈው 960 ፊደል ገደማ ነው፤ ሞጁሉ በየሰከንዱ የሚልከው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ400 ፊደል ይበልጣል። የሚታዩት ሳተላይቶች ሲበዙ መልእክቱ ይረዝማል፣ ሲያንሱ ያጥራል። ስለዚህ መዘግየቱ ግማሽ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፤ ቋሚ ስላልሆነም ቀንሶ በትክክል ማስተካከል አይቻልም። ምቱ ግን በኔኦ-6ኤም የአምራቹ መግለጫ መሠረት ከትክክለኛው ሰከንድ የሚርቀው በ30 ናኖሰከንድ አካባቢ ነው። ፓይው ምቱን ሲቀበል ብዙውን ጊዜ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይጨመራል።

በዩኤስቢ የሚሰካ የጂፒኤስ ዶንግል የማንመክረውም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ምቱን ጨርሶ አያወጡትም።

ሞጁሌ አራት ፒን ብቻ ነው ያለው። ፒፒኤሱ የት አለ?

ይህን የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ በገበያ ላይ የበዛው ሰማያዊ ቦርድ የሚያወጣው ኃይል፣ መሬት፣ መላኪያና መቀበያ ብቻ ስለሆነ። ምቱ ግን ቦርዱ ላይ አለ፤ ትንሿን መብራት የሚያበራት እሱ ነው። ሞጁሉ ሳተላይት ሲይዝ መብራቷ በየሰከንዱ ብልጭ የምትለው ለዚህ ነው።

ሁለት አማራጭ አለዎት። አንደኛው ከመብራቷ አጠገብ ካለው ሬዚስተር ላይ ቀጭን ሽቦ ሶልደር ማድረግ ነው፤ ወደ መብራቷ ሳይሆን ወደ ሞጁሉ ከዞረው ጫፍ። ሁለተኛው በቀጥታ ከኔኦ-6ኤም 3ኛ ፒን መውሰድ ነው፤ ፒኖቹ ስለሚጠጋጉ ቀጭን ጫፍ ያለው ካውያና የተረጋጋ እጅ ይፈልጋል። ሶልደር ያደረጉትን ሽቦ በትኩስ ሙጫ ከቦርዱ ጋር ያጣብቁት፤ ሳይጣበቅ በተወጠረ ቁጥር የመዳቡን ንጣፍ ነቅሎ ይዞ ይወጣል። ሶልደር ማድረግ ካልፈለጉ ሲገዙ «ፒፒኤስ» የሚል አምስተኛ ፒን ያለው ቦርድ ይምረጡ።

ሽቦዎቹ ከፓይው ጋር እንዴት ይገናኛሉ?

እዚህ የምንቆጥረው በቦርዱ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር ነው። የሞጁሉ ኃይል ወደ ፒን 1 (3.3 ቮልት)፣ መሬቱ ወደ ፒን 6፣ የሞጁሉ መላኪያ ወደ ፒን 10፣ መቀበያው ወደ ፒን 8፣ ፒፒኤሱ ወደ ፒን 12 ይሄዳል። ፒን 12 በሶፍትዌሩ አጠራር ጂፒአይኦ 18 ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አቆጣጠሮች በማደባለቅ ነው።

የፓይው ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። ምቱን በ5 ቮልት የሚያወጣ ቦርድ ካጋጠመዎ በቀጥታ አይሰኩት፤ ፒኑ ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ፓይው ራሱ አብሮ ይሄዳል።

ሶፍትዌሩስ?

ስክሪን የማይፈልገውን ቀለል ያለውን ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ይጫኑ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. በፓይው የማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ሲሪያል ፖርቱን ያብሩ፤ በሲሪያል የመግባቱን ምርጫ ግን ያጥፉ። ካልጠፋ ፓይው የጂፒኤሱን ጽሑፍ እንደ ሰው ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክራል።
2. በማስነሻው የኮንፊግ ፋይል ውስጥ የፒፒኤስ-ጂፒአይኦ ኦቨርሌይን (ፒኑ ለምን ሥራ እንደሚውል ለፓይው የሚነግረውን መስመር) ጨምረው ፒኑን 18 ይበሉት። በፓይ 3ና 4 ላይ ብሉቱዝን የሚያጠፋውን ኦቨርሌይም ይጨምሩ፤ ጥሩውን ሲሪያል መስመር የያዘው ብሉቱዝ ነውና።
3. ፒፒኤስ-ቱልስ (ምቱን የሚሞክር)፣ ጂፒኤስዲ (የሞጁሉን ጽሑፍ የሚያነብ) እና ክሮኒ (ሰዓቱን አስተካክሎ ለኔትወርኩ የሚያድል) የተባሉትን ሦስት ፕሮግራሞች ይጫኑ።
4. ጂፒኤስዲ ጠያቂ ሳይጠብቅ ገና ሲነሳ ሥራ እንዲጀምር የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ይህ ከተረሳ ሰርቨሩ የሚሠራው እርስዎ እያዩት ብቻ ይሆናል።
5. በክሮኒ ፋይል ውስጥ ሁለት ምንጭ ይጻፉ። የመጀመሪያው ከጂፒኤስዲ የሚመጣው ጽሑፍ ነው፤ «አትምረጠው» የሚል ምልክት ያድርጉበት። ሁለተኛው የፒፒኤስ ምቱ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ይቆለፋል፣ የሰከንዱን ቁጥር የሚያውቀው ከእሱ ነውና።
6. በመጨረሻ ከየትኛው የኔትወርክ ክልል ጥያቄ እንደሚቀበል ይጻፉ። ክሮኒ ይህ ካልተነገረው ለማንም አይመልስም።

በጅማሬው ሳምንት ሁለት ሦስት የኢንተርኔት ሰርቨሮችን ጨምሮ መተው ይጠቅማል፤ የጂፒኤሱን ጽሑፍ መዘግየት ለመለካት ያገለግላሉ። በጽሑፉ መስመር ላይ የሚታየውን ልዩነት አይተው ወደ ዜሮ አካባቢ እስኪመጣ በክሮኒ ፋይል ውስጥ በሚጻፈው የማካካሻ ቁጥር ያስተካክሉት። ስህተቱ ወደ ግማሽ ሰከንድ ከተጠጋ ክሮኒ ምቱን ለጎረቤት ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ያኔ ሰዓትዎ በማይክሮሰከንድ የጠራ፣ ግን ልክ በአንድ ሰከንድ የተሳሳተ ይሆናል።

በትክክል መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያ ምቱን ብቻውን ይሞክሩ። የፒፒኤስ መሞከሪያው ሲከፈት በየሰከንዱ አንድ መስመር መውጣት አለበት። «ጊዜው አለፈ» የሚል ከመጣ ወይ ሽቦው አልተያያዘም፣ ወይ የፒኑ ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይ ሞጁሉ ሳተላይት አልያዘም። መብራቷ ብልጭ ካላለች ሦስተኛው ነው።

ከዚያ የክሮኒን ምንጮች ዝርዝር ይመልከቱ። በፒፒኤሱ መስመር መጀመሪያ ላይ # እና * ተከታትለው መታየት አለባቸው፤ ኮከቡ «የመረጥኩት ይህን ነው» ማለት ነው። የመድረሻው ቁጥር 377 ከሆነ የመጨረሻዎቹ ስምንት ንባቦች ሁሉ ተሳክተዋል። በነባሪው አንድ ንባብ 16 ሰከንድ ስለሚወስድ እዚያ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይጠብቁ። ሰርቨሩ ደረጃው 1 መሆኑንም ይነግርዎታል፤ ሰዓቱን ከሌላ ኮምፒውተር ሳይሆን በቀጥታ ከምንጩ ይወስዳል ማለት ነው።

ሰዓቱ በቋሚ መጠን ይሳሳታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የስህተቱ መጠን ራሱ በሽታውን ይናገራል።

ልክ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ ምቱን በተሳሳተው ጫፍ እያነበቡት ነው። የሞጁሉ ምት በነባሪው 100 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ሰከንዱ የሚጀምረው ምቱ ሲነሳ እንጂ ሲወርድ አይደለም።

ልክ አንድ ሰከንድ ከሆነ ከላይ ያልነው የጽሑፍ መዘግየት ነው። ሲሪያሉን ወደ 38400 ባውድ ከፍ ያድርጉ ወይም የሳተላይት ዝርዝር የሚያወጡትን መልእክቶች ያጥፉ።

ሞጁሉ ገና ሲነሳ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ስቶ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱን ካስተካከለ ጉዳዩ የተጨማሪ ሰከንዶች ነው። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከጥር 6 ቀን 1980 ጀምሮ ያለማቋረጥ ይቆጥራል፤ ዓለም አቀፉ ሰዓት ግን አንዳንዴ ተጨማሪ ሰከንድ ስለተጨመረበት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ልዩነታቸው 18 ሰከንድ ሆኗል። ሞጁሉ ይህን ቁጥር የሚያገኘው ከሳተላይቱ ሲሆን ሙሉው መልእክት ለመዞር 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። እስከዚያ ሲመረት የተሰጠውን የቆየ ቁጥር ይጠቀማል። መፍትሔው ሩብ ሰዓት መታገስ ነው፤ የሞጁሉ የመጠባበቂያ ባትሪ ደኅና ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አይደገምም።

ቀኑ ወደ 19 ዓመት ከ7 ወር ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ የሳምንት ቆጠራው ዞሯል። ጂፒኤስ ሳምንትን የሚቆጥረው እስከ 1024 ብቻ ነው፤ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። የመጨረሻው መዞር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ነበር፤ ቀጣዩ ኅዳር 2038 ነው። በቆየ ሞጁል ላይ ከገጠመዎ ሞጁሉን መቀየር ይሻላል።

አንቴናውን የት ላስቀምጥ?

ከቆርቆሮ በላይ። የጂፒኤስ ሲግናል በቆርቆሮ ጣሪያ አያልፍም፤ ጣሪያው ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ሞጁሉ ተበላሽቷል» የሚባለው አብዛኛው ሞጁል ምንም አልሆነም። ውጭ ሲወጣ ግን ያው ቆርቆሮ ይጠቅማል፦ ባለማግኔቱ አንቴና ብረቱ ላይ ይያያዛል፣ ብረቱም ከሥር የሚንጸባረቀውን ሲግናል ይከላከልለታል። ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ ኔኦ-6ኤም ከባዶ ተነስቶ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ቦታውን ሊያውቅ ይችላል፤ በመስኮት በኩል ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት አይገረሙ።

ገመዱ ካጠረዎ ቀጭኑን የአንቴና ገመድ በማራዘሚያ አይቀጥሉት፤ ሲግናሉን ይበላዋል። ከዚያ ይልቅ ሞጁሉን ውኃ በማያስገባ ሳጥን አድርገው ወደ አንቴናው ያስጠጉና የሲሪያሉንና የምቱን መስመር በኔትወርክ ኬብል ወደ ፓይው ያምጡ። ለጥቂት ሜትር ችግር የለውም።

ኢትዮጵያ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሳተላይት ሲግናል አንዳንዴ ይዋዥቃል። ምቱ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ ክሮኒ በተማረው ፍጥነት ይቀጥላል፤ የሚያስጨንቅ አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ?

ፓይ 4ና ከዚያ በፊት የነበሩት የባትሪ ሰዓት የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚነሱት ባቆሙበት ሰዓት ላይ ነው። ዲኤስ3231 ይህን ክፍተት ይሞላል፦ በተለመደው የክፍል ሙቀት ስህተቱ ከ2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት) አይበልጥም፤ በወር ወደ አምስት ሰከንድ ማለት ነው። ፓይ 5 የራሱ ሰዓት አለው፤ ባትሪ ብቻ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። በብዛት የሚሸጠው የዲኤስ3231 ቦርድ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ ሰርኪዩት አለው፤ አብሮት የሚመጣው ወይም ሰው የሚገዛለት ሲአር2032 ባትሪ ደግሞ ቻርጅ የማይደረግ ነው። በ5 ቮልት ከተሰካ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። በ3.3 ቮልት ይስኩት፤ ከባትሪው አጠገብ ያለውን ትንሿን ዳዮድ ማንሳት ደግሞ የበለጠ ያረጋጋል።

ኤስዲ ካርዱም በድንገተኛ መጥፋት ይጎዳል። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ በፓይው የማስተካከያ ፕሮግራም ካርዱን ለንባብ ብቻ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ 5 ቮልት መውጫ ካለውና የፓይውን አምፒር ከቻለ ለሰርቨሩ ይበቃል፤ ሲዊቹን ከዩፒኤሱ ጋር ማያያዝ ግን አይርሱ። ሰርቨሩ እየሠራ ሲዊቹ ከጠፋ ሰዓቱ ለማንም አይደርስም።

ፓይ ማግኘት አልቻልኩም። በኢኤስፒ32 ይሆናል?

ይሆናል፤ ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ያለው ትንሽ ርካሽ ቺፕ ነው፤ ፕሮግራሙን በጥንቃቄ መጻፍ ግን ግድ ነው። የኤንቲፒ መልእክት 48 ባይት ብቻ ነው፤ የሚመጣው በዩዲፒ ፖርት 123 ነው። ሰከንዱ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1900 መጀመሪያ ስለሆነ በዩኒክስ ሰዓት (ከ1970 መጀመሪያ በሚቆጠረው) ላይ 2,208,988,800 ይደመራል። ጠያቂው የላከበትን ሰዓት ሳይነኩ ወደ መነሻው ሳጥን ገልብጠው ይመልሱ፤ ካልሆነ ብዙ ኮምፒውተር መልሱን ይጥለዋል። ጽሑፉ የሚናገረው ስላለፈው ምት ነው፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ምት አንድ ሰከንድ ይጨምሩ። ጂፒኤሱ ከጠፋ ደግሞ ሰርቨሩ «አልተስተካከልኩም» የሚለውን ምልክት ያንሳ። ሰዓት ማጣት ካለበት በግልጽ ይጣ፤ የተሳሳተ ሰዓት በልበ ሙሉነት ከሚያድል ዝም ያለ ይሻላል።

ዋይፋይ ላይ ከተመሠረቱ የኃይል ቁጠባውን ያጥፉ፤ ካልጠፋ መልሱ በመቶ ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። የኢተርኔት ሶኬት ያለው ደብሊውቲ32-ኢቲኤች01 የተባለው ቦርድ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር መላክ ይችላል?

አይልክም፤ መላክም የለበትም። ኤንቲፒ የሚያውቀው ዓለም አቀፉን ሰዓት ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት የሚጨምረው እያንዳንዱ ኮምፒውተር ራሱ ነው፦ በሊኑክስ የአዲስ አበባን፣ በዊንዶውስ የናይሮቢን የሰዓት ሰቅ ይምረጡ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሰርቨሩ የሚልከው 9:00 ነው፤ ኮምፒውተሩ 12:00 ያሳያል። «6:00» ብሎ ማሳየትም ሆነ የኢትዮጵያን ቀን መጻፍ የማሳያው ፕሮግራም ሥራ ነው።

የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ግን ብዙ ነገር ያበላሻል። አዲስ የወጣ የድረ ገጽ ሰርተፊኬት «ገና አልጀመረም» ይባላል፣ የማረጋገጫ ኮዶች በሙሉ ይወድቃሉ፣ ሰርቨሩም ሰዓቱን መልሶ ስለሚያስተካክለው ሁለታችሁ ስትጎተቱ ትኖራላችሁ።

ኮምፒውተሮቹንና ካሜራዎቹን እንዴት ላገናኛቸው? ስንት ይችላል?

ለፓይው ቋሚ አይፒ ይስጡት፤ ከዚያ ያንን ቁጥር በካሜራ መቅጃው፣ በጣት አሻራ ማሽኑና በራውተሩ የኤንቲፒ ቦታ ላይ ያስገቡ። በዶሜይን ውስጥ ያሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ አይንኩ፤ ዋናው የዶሜይን ሰርቨር ብቻ ከፓይው ይውሰድ፣ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አይፒ የሚያድለው አገልግሎት) በአማራጭ 42 የሰዓት ሰርቨሩን አድራሻ ማደል ይችላል፤ ሁሉም መሣሪያ ግን አይሰማውም።

ስለ ብዛቱ አይስጉ። 1000 መሣሪያ እያንዳንዱ በየ64 ሰከንዱ ቢጠይቅ በሰከንድ 16 ያህል ጥያቄ ነው፤ ፓይ ይህን ሳያውቀው ይመልሳል።

ጂፒኤስ ሊታለል ይችላል?

አዎ፤ የሲቪሉ ሲግናል ማረጋገጫ የለውም። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ስልካቸው ቤይሩት እንዳሉ ሲያሳያቸው አይተውታል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰዓቱም አብሮ ሊዛባ ስለሚችል ጂፒኤስን ብቻ አይመኑ። ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አራት የኢንተርኔት ሰርቨር ከጎኑ ያስገቡ፤ አንዱ ሲዋሽ ሌሎቹ በድምፅ ብልጫ ይለዩታል። ለዚህ ግን የፒፒኤሱ መስመር ላይ «ይህን ብቻ እመን» የሚል ምርጫ አለመጻፉን ያረጋግጡ።

ሰርቨሩን ለሕዝብ ብከፍተውስ?

ተራ የቢሮ መስመር ላይ አይክፈቱት። የኤንቲፒ ጥያቄ የላኪውን አድራሻ አስመስሎ መላክ ቀላል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ አጥቂዎች በአሮጌ የኤንቲፒ ሰርቨሮች አማካይነት ትንሽ ጥያቄ እየላኩ ትልቅ መልስ ወደ ሌላ ሰው መስመር ያዘንቡ ነበር። የዛሬው ክሮኒ ያ ድክመት የለበትም፤ መስመርዎ ግን በጥያቄ ሊጨናነቅ ይችላል። በራውተሩ ላይ ከውጭ የሚመጣውን የፖርት 123 ጥያቄ ይዝጉ፣ በክሮኒ ውስጥም የራስዎን ክልል ብቻ ይፍቀዱ።